እንደራሴዎ «አይ» ያሉት ለየትኛው ጥያቄ ነው? የምክር ቤት የድምፅ መዝገብ አነባበብ

ጁን 27 ቀን 2018 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የኢሚግሬሽን ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ ሰጠ። 121 እንደራሴዎች ደገፉት፣ 301 ተቃወሙት፣ ረቂቁም ወደቀ። በውስጡ ከነበሩት ብዙ ጉዳዮች አንዱ፣ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የአሜሪካን በር የከፈተው የዲቪ ሎተሪ እንዲቀር የሚያደርግ አንቀጽ ነበር። መዝገቡን በችኮላ ያየ ሰው 301 እንደራሴዎች ዲቪን ታደጉት ብሎ ሊደመድም ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ግን 112ቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከስድስት ቀን በፊት ዲቪን የሚያስቀር፣ ከዚህኛው የጠነከረ ሌላ ረቂቅ ደግፈው ድምፅ የሰጡ ሰዎች ናቸው።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በዴንቨር፣ በዳላስም ሆነ በአትላንታ ዜግነት አግኝቶ ለመምረጥ የተመዘገበ ኢትዮጵያዊ፣ ምርጫ ሲቃረብ «እገሌ እንዲህ ብሎ ድምፅ ሰጠ» የሚል ወረቀት በፖስታ ሳጥኑ ማግኘቱ አይቀርም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሆኖም ድምፅ መልስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ የተጠየቀው ምን እንደነበር ካልታወቀ መልሱ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ይህ ማብራሪያ መዝገቡ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ይዘረዝራል። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድምፅ መዝገብ ምንድን ነው?

የድምፅ መዝገብ ማለት አንድ እንደራሴ በስም ድምፅ በተሰጠበት በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ መደገፉን፣ መቃወሙን፣ ድምፀ ተአቅቦ ማድረጉን ወይም አለመገኘቱን የሚያሳይ የመንግሥት ሰነድ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 5 ሁለቱ ምክር ቤቶች ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ ያዛል፤ ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቁም የእያንዳንዱ አባል «አዎ» ወይም «አይ» በስሙ እንዲጻፍ ያስገድዳል።

435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ከ1973 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ድምፅ ይሰጣል። አባሉ ካርዱን ከመሣሪያው አስገብቶ ቁልፍ ሲጫን ምርጫው ከስሙ ጋር በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይበራል። 100 አባላት ያሉት ሴኔት ግን ዛሬም ስም እየተጠራ ነው ድምፅ የሚሰጠው።

ይህ ሁሉ ግልጽነት ከጥንት የነበረ አይደለም። ረቂቅ ሕጎች ዋና ቅርጻቸውን በሚይዙበት በማሻሻያዎች ክርክር ላይ፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለረጅም ዘመን በመተላለፊያው እያለፉ በቁጥር ብቻ ይቆጠሩ ነበር፤ ማን በየትኛው ወገን እንዳለፈ የሚጻፍበት መዝገብ አልነበረም። አንድ እንደራሴ በማሻሻያው ላይ ሕጉን አዳክሞ፣ በመጨረሻው ድምፅ ላይ ግን ደጋፊ ሆኖ በስሙ መመዝገብ ይችል ነበር። ይህን የለወጠው በ1970 የወጣው የምክር ቤቱን አሠራር የሚያሻሽል ሕግ ነው።

ድምፅ ሁሉ በስም ይመዘገባል?

አይመዘገብም። ብዙ ጉዳዮች የሚወሰኑት በቃል ድምፅ ነው። ሰብሳቢው «የምትደግፉ» ሲሉ ደጋፊዎች አንድ ላይ ይመልሳሉ፣ «የምትቃወሙ» ሲሉ ተቃዋሚዎች ይመልሳሉ፤ ሰብሳቢውም የበለጠውን ድምፅ በጆሯቸው መዝነው ውጤቱን ያሳውቃሉ። በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ከአዳራሹ «ይሁን፣ ይሁን» የሚል ድምፅ ተነሥቶ ጉዳዩ ሲያልፍ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ማን «ይሁን» እንዳለና ማን ዝም ብሎ እንደተቀመጠ በኋላ የሚናገር ወረቀት የለም።

በማኅበረሰባችን «ኤች አር 128» ተብሎ የታወቀው የውሳኔ ሐሳብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበርና ሁሉን አካታች አስተዳደር እንዲሰፍን የሚጠይቀውን ይህን ሐሳብ የኒው ጀርሲው እንደራሴ ክሪስ ስሚዝ በፌብሩዋሪ 2017 አቀረቡት። በየከተማው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአንድ ዓመት በላይ የእንደራሴዎቻቸውን ቢሮ ሲያንኳኩ፣ ስልክ ሲደውሉና ደብዳቤ ሲጽፉ ቆዩ። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2018፣ የተወካዮች ምክር ቤት ሐሳቡን አጸደቀ። ያጸደቀው ግን በቃል ድምፅ ነው። ስለዚህ «የእኔ እንደራሴ ለ128 ምን ብለው ድምፅ ሰጡ?» ብሎ የሚፈልግ መራጭ መዝገብ አያገኝም፤ በምርጫ ሰሞን «ደግፌያችሁ ነበር» ወይም «ተቃውሟችሁ ነበር» የሚል ሰው ቢመጣም በድምፅ መዝገብ ማረጋገጥ አይቻልም።

ሌላ ማስረጃ ግን አለ። የውሳኔ ሐሳቡን በፊርማቸው ከአቅራቢው ጋር የደገፉ ከ100 በላይ እንደራሴዎች በስምና በቀን ተመዝግበዋል። ማን ገና ከጅምሩ እንደፈረመ፣ ማን ደግሞ መጽደቂያው ሲቃረብ እንደተቀላቀለ ከዚያ ዝርዝር ይነበባል። በእኔ ግምት ይህ ዝርዝር ከብዙ የመጨረሻ ድምፆች የበለጠ የሰውየውን ፍላጎት ያሳያል፤ ማንም ሳያስገድደው በራሱ ተነሣሽነት የገባበት ነውና።

በስም የተጻፈ ድምፅ ያለውን ዋጋ ከራሳችን አገር ታሪክም መረዳት ይቻላል። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ሲያጸድቅ፣ በመጀመሪያ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተገለጸ፤ የድጋፉ ቁጥር በኋላ 395 ተብሎ ታረመ። ልዩነቱ ትልቅ ክርክር አስነሣ። የወጡ እጆች ብቻ ሲቆጠሩ፣ ሕዝቡ የትኛው ቁጥር ትክክል እንደሆነ በራሱ የሚያጣራበት መንገድ አይኖረውም፤ 88ቱን ተቃዋሚዎች የመረጣቸው ሕዝብም የእሱ ተወካይ ከመካከላቸው መኖሩን ከቁጥሩ ማወቅ አይችልም።

አንድ «አይ» ስንት ትርጉም አለው?

አንድ ዕድር ስብሰባ ላይ «አዲስ ድንኳን ይገዛ፣ ወርኃዊ መዋጮውም በእጥፍ ይጨመር» የሚል ሐሳብ ባንድነት ለድምፅ ቀረበ እንበል። አንዱ አባል እጁን ለተቃውሞ የሚያወጣው መዋጮው ስለከበደው ነው፤ ሌላው ከድንኳኑ በፊት ወንበር ይቅደም ባይ ነው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ አንድ ድንኳን አይበቃም፣ ሁለት ይገዛ ብላ ነው። ጸሐፊው ግን ሦስቱንም «ተቃወሙ» ብሎ ይጽፋቸዋል፤ ሌላ የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

በመግቢያው የተጠቀሰው የጁን 2018 ድምፅ እንዲሁ ያለ ነበር። ረቂቁ አራት ትልልቅ ጉዳዮችን ባንድ ጥቅል ይዟል። ልጆች ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ አሜሪካ ያመጧቸው፣ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ወጣቶች በሂደት ዜግነት የሚያገኙበትን መንገድ ይከፍታል፤ ለድንበር ግንብ ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር ይመድባል፤ በቤተሰብ በኩል የሚሰጠውን ቪዛ ይቀንሳል፤ ዲቪን ያስቀራል። ድምፅ የሰጡት ዲሞክራቶች በሙሉ የተቃወሙት በግንቡና በቪዛዎቹ መቀነስ ምክንያት ነበር። የተቃወሙት ሪፐብሊካኖች በአመዛኙ ግን የመጀመሪያውን ክፍል «ሕግ ለጣሱ የሚሰጥ ምሕረት ነው» ብለው ነው። ሁለቱ ወገኖች በመዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም በሐሳብ እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ከስድስት ቀን በፊት፣ ጁን 21፣ 193 ለ231 የወደቀው ረቂቅ ደግሞ ዲቪን ያስቀር ነበር፤ ለወጣቶቹ ይሰጥ የነበረው ከለላ ግን ጠባብ ነበር። እዚያ ላይ የተቃወሙት ሪፐብሊካኖች 41 ብቻ ናቸው። ስለ ዲቪ የአንድን ሪፐብሊካን እንደራሴ አቋም ማወቅ የሚፈልግ መራጭ ሁለቱን ድምፆች ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት። ጁን 21 «አዎ»፣ ጁን 27 «አይ» ያለ እንደራሴ ዲቪን ለማዳን የተነሣ አይደለም፤ በሁለቱም «አይ» ያለው ግን ምክንያቱን መጠየቅ የሚገባው ሰው ነው።

ነገሩ ለአንድ ፓርቲ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል ወደ ኋላ እንመለስ። ልክ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጁን 27 ቀን 2013፣ ሴኔቱ ሰፊ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ሕግ 68 ለ32 አጸደቀ። ይህ ረቂቅ መኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች የዜግነት መንገድ ይከፍት ነበር። ይኸው ረቂቅ የዲቪን ሎተሪም ያስቀር ነበር። ዲሞክራት ሴኔተሮች አንድም ሳይቀሩ ደገፉት። ዛሬ አንድ ተቀናቃኝ «ይህ ዲሞክራት ዲቪ እንዲጠፋ ድምፅ ሰጥቷል» የሚል ወረቀት ቢበትን በፊደል ደረጃ አልዋሸም። ያልተናገረው በሌላኛው የሚዛን ሰሌዳ ላይ ምን ተቀምጦ እንደነበር ነው። በ1990 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በዓመት እስከ 55,000 ሰው እንዲገባበት ያቋቋመው ሎተሪ፣ በዚያ ድርድር ለሚሊዮኖች ሕጋዊነት ሲባል የተከፈለ ዋጋ ሆኖ ነበር። ልውውጡ ተገቢ ነበር ወይ የሚለውን መራጩ ራሱ ይመዝነው፤ ለመመዘን ግን ልውውጥ እንደነበር ማወቅ አለበት።

ያ ረቂቅ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ከተላከ በኋላ በጊዜው አፈ ጉባኤ የነበሩት ጆን ቤይነር ለድምፅ አላቀረቡትም። በዚህም የተነሣ 435ቱ እንደራሴዎች ስለዚያ ረቂቅ «አዎ»ም «አይ»ም የሚል ድምፅ በስማቸው የለም። ምን ለድምፅ እንደሚቀርብ የሚወስኑት የአብላጫው ፓርቲ መሪዎች ናቸው። ባዶው ገጽ ራሱ የአንድ ሰው ውሳኔ ነው።

ጥቅሉ ከዚህም ሊሰፋ ይችላል። በዲሴምበር 2020 የመንግሥትን ዓመታዊ በጀትና የኮሮና ድጎማን አንድ ላይ ያጠቃለለ ሕግ 5,593 ገጽ ሆኖ ቀርቦ፣ ጽሑፉ በወጣበት ቀን ድምፅ ተሰጥቶበት በሴኔት 92 ለ6 አለፈ። እንዲህ ባለ ድምፅ ላይ ተመሥርቶ «እገሌ ይህን አንድ አንቀጽ ይደግፋል» ማለት አይቻልም።

የሥነ ሥርዓት ድምፅ ለምን ያደናግራል?

በምክር ቤት ስለ ሕጉ ብቻ ሳይሆን ስለ ሂደቱም ድምፅ ይሰጣል። ክርክር ይከፈት፣ ክርክር ይዘጋ፣ ወደ ኮሚቴ ይመለስ የሚሉት ሁሉ ለየብቻ ይመዘገባሉ።

ሴኔተር ጆን ማኬይን በጁላይ 2017 የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው በታወቀ በቀናት ውስጥ ወደ ሴኔት ተመልሰው፣ ኦባማኬር ተብሎ የሚጠራውን የጤና መድን ሕግ ለመሻር የሚደረገው ክርክር እንዲከፈት ጁላይ 25 ቀን «አዎ» አሉ። 50 ለ50 እኩል የሆነውን ድምፅ ምክትል ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ድምፅ ለይተው ክርክሩ 51 ለ50 ተከፈተ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጁላይ 28 ግን አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው የመሻሪያው ሐሳብ 49 ለ51 እንዲወድቅ አደረጉ። በሁለቱ ድምፆች መካከል ተቃርኖ የለም፤ የመጀመሪያው «እንወያይ ወይ?» ለሚል፣ ሁለተኛው «ይህ ይጽደቅ ወይ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የጠቀሰ ወረቀት ግን ሰውየውን እንደፈለገው ሊስላቸው ይችላል።

ከዚህም የባሰ የሚያሳስት አለ። ኦክቶበር 20 ቀን 2021 የመምረጥ መብትን የሚመለከት ረቂቅ በሴኔት 60 ድምፅ ስላላገኘ 49 ለ51 ክርክሩ ሳይከፈት ቀረ። ረቂቁን ያቀረበው ወገን መሪ ቻክ ሹመር «አይ» ካሉት መካከል ተመዝግበዋል። ምክንያቱ በሴኔት ደንብ አንድ ድምፅ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው በአሸናፊው ወገን የቆመ አባል በመሆኑ ነው፤ መሪው በሩ ክፍት እንዲቆይ ብለው ድምፃቸውን ቀየሩ።

«90 በመቶ» እና የቡድኖች ውጤት መስጫ

በ2008 የፕሬዚዳንት ምርጫ ባራክ ኦባማ ተቀናቃኛቸው ማኬይን 90 በመቶ የሚሆነውን ድምፅ ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አቋም ጋር ተስማምተው እንደሰጡ ደጋግመው ተናግረዋል። እንዲህ ያለ መቶኛ ሲሰማ ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከስንት ድምፅ ውስጥ፣ ደግሞስ የትኞቹ ተቆጥረው? ምክር ቤቱ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ድምፆች ይሰጣል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሁለቱ ፓርቲዎች የማይከራከሩባቸው ብዙ ናቸው። ጥቂት ትልልቅ ልዩነቶች በብዙ ትንንሽ ስምምነቶች ውስጥ ይጠፋሉ።

ልዩ ልዩ ማኅበራትም ለእንደራሴዎች ውጤት ይሰጣሉ። የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር የሆነው ናሽናል ራይፍል አሶሲዬሽን እንደ ትምህርት ቤት ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ይሰጣል፤ ሊግ ኦፍ ኮንሰርቬሽን ቮተርስ ደግሞ ከ1970 ዓመታት መጀመሪያ አንሥቶ በአካባቢ ጥበቃ ድምፆች ላይ በመቶኛ ያወጣል። ጠቃሚ ናቸው፤ ድካምም ይቀንሳሉ። ነገር ግን ከመቶዎች ውስጥ የትኞቹ ጥቂት ድምፆች እንደሚቆጠሩ የሚመርጠው ማኅበሩ ራሱ ነው። በሊጉ አቆጣጠር ለምሳሌ አለመገኘት እንደ ተቃውሞ ይቆጠራል።

ስለ አለመገኘት ካነሣን፣ በ2007 ብዙ ድምፅ ካመለጣቸው ሴኔተሮች መካከል ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ማኬይን እና በአንጎል ደም መፍሰስ ታመው ለወራት የተኙት የሳውዝ ዳኮታው ቲም ጆንሰን ይገኙበታል። የቀሪነት ቁጥሩ ምክንያቱን አይናገርም። የሳውዝ ዳኮታ ሕዝብ ምክንያቱን ያውቅ ስለነበር በ2008 ጆንሰንን መልሶ መረጣቸው።

መዝገቡ የማያሳየው ምንድን ነው?

በፌብሩዋሪ 2022 በተወካዮች ምክር ቤት የቀረበውና በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚያስከትለው «ኤች አር 6600» ማኅበረሰባችንን ለሁለት ከፍሎ ያነጋገረ ረቂቅ ነበር። ነገር ግን ለሙሉው ምክር ቤት ድምፅ ሳይቀርብ በጃንዋሪ 2023 የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል የወጣችውም በፕሬዚዳንት ባይደን ውሳኔ እንጂ በምክር ቤት ድምፅ አይደለም። አንድን እንደራሴ «ከአጎዋ አስወጣኸን» ብሎ በድምፅ መዝገቡ መክሰስም ሆነ ማመስገን መሠረት የለውም።

በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ዋና ከተማዋ በሴኔት መቀመጫ የላትም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት ተወካይም በኮሚቴ ድምፅ ትሰጣለች እንጂ በረቂቆች የመጨረሻ ማጽደቂያ ላይ አትሰጥም። ድንበሩን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወንድሟ ሙሉ መዝገብ የሚያነብለት እንደራሴ ሲኖረው፣ በዲሲ የምትኖረው እህት በኮሚቴ ሥራና በቀረቡ ረቂቆች ላይ ብቻ መመሥረት ግድ ይላታል። ግብር እየከፈሉ ድምፅ ማጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የከተማዋ የመኪና ታርጋ ሳይቀር ይናገራል።

ለወንድሙ ያመለከተው ቪዛ ሲዘገይ፣ የዜግነት ማመልከቻው ሲጠፋ ሰው የሚሄደው ወደ እንደራሴው የአካባቢ ቢሮ ነው። ያ ቢሮ ስልክ ማንሣቱና አለማንሣቱ በየትኛውም የድምፅ መዝገብ ላይ የለም፤ ጎረቤት ግን ያውቀዋል።

ከየት መጀመር ይቻላል?

መዝገቡን በሙሉ ማንበብ አያስፈልግም። ለቤተሰብ የሚያሳስቡ ሁለት ወይም ሦስት ጉዳዮችን መርጦ መነሣት ይበቃል። ኮንግረስ ዶት ገቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለአብዛኞቹ ረቂቆች ወገን የማይዝ አጭር ማጠቃለያ፣ አብረው የፈረሙ ሰዎች ስም፣ የማሻሻያዎች ታሪክና ድምፅ የተሰጠባቸው ቀኖች ይገኛሉ። የስም ዝርዝሩ ሲከፈት ከላይ ለድምፅ የቀረበው ጥያቄ ተጽፏል፤ «ለማጽደቅ»፣ «ስለ ማሻሻያው»፣ «ወደ ኮሚቴ ስለ መመለስ» የሚል። ከስሙ በፊት መነበብ ያለበት ይህ መስመር ነው። ገጾቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ለብዙ እናቶችና አባቶች ትልቅ እንቅፋት ነው፤ እዚህ ያደጉ ልጆች አንድ ምሽት ከወላጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ቢያነቡላቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ተወዳዳሪው አዲስ ከሆነና መዝገብ ከሌለውስ? በክልሉ ምክር ቤት ወይም በከተማ ምክር ቤት አገልግሎ እንደሆነ እዚያም ድምፅ አለው። ካልሆነ ንግግሩ ቀኑ ተጠቅሶ ይመዘናል። በኦክቶበር 2002 ሴኔቱ የኢራቅን ጦርነት 77 ለ23 ሲፈቅድ ሂላሪ ክሊንተን ከደገፉት መካከል ነበሩ፤ ኦባማ ግን ገና የኢሊኖይ ክልል ምክር ቤት ሴኔተር ሆነው በቺካጎ ሰልፍ ላይ ጦርነቱን ተቃወሙ። በ2008 የፓርቲው የውስጥ ምርጫ አንዷ በመዝገብ፣ ሌላው በንግግር ተመዘኑ። ንግግር ከድምፅ ይቀልላል፤ የተናገረው ሰው የዚያን ቀን ቁልፍ አልተጫነም። ነገር ግን ጦርነቱ ገና ሳይጀመር፣ ብዙዎች ሲደግፉት የተነገረ ስለነበር ክብደት ነበረው።

እንደራሴዎች ሕዝብ ሰብስበው ጥያቄ በሚቀበሉበት ቀንም መዝገቡን ይዞ መሄድ ይቻላል። «ዲቪን ይደግፋሉ?» የሚል ጥያቄ የሚያመጣው ፈገግታና «ስደተኞችን እናከብራለን» የሚል መልስ ነው። በ2018 በምክር ቤቱ ለነበረ ሰው ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ «ጁን 27 ቀን 2018 ‹አይ› ብለው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከስድስት ቀን በፊት ግን ‹አዎ› ብለው ነበር። ሁለቱም ረቂቆች ዲቪን የሚያስቀር አንቀጽ ነበራቸው። ያ አንቀጽ ለብቻው ቢቀርብልዎ ምን ይሉ ነበር?»